የእትዬ አውራ ጣት

አንድ የቀን መቁጠሪያ አለ። እዚህ ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ብትገቡ፣ ፀጉር ቤት ብትገቡ፣ የሆነ ቢሮ ወረፋ ብትይዙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ዓመቱ አልፎበታል፤ ግን ወረቀቱ ወፍራም፣ ፎቶው የሚያምር ስለሆነ ሰው አያወርደውም። በሐምራዊ ቀለም የተነከረ አውራ ጣት ወረቀት ላይ ሊያርፍ ሲል ይታያል። ጥፍሩ ተሰንጥቋል፣ ቆዳው ሥራ ያጠቆረው ነው። ከሥሩ በትልቁ «የመጨረሻዋ አሻራ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ድርጅታችን ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶች የሚያደርገው ሁሉ ተዘርዝሯል። ሰው ሲያየው ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔን ያቅለሸልሸኛል።

ልብ ብሎ ላየ፣ ያንን አውራ ጣት ግራና ቀኝ የያዙ ሁለት ሌሎች ጣቶች አሉ። ጥፍራቸው ቀለም የተቀባ ነው፣ ጫፉ ላይ ተላልጧል። እነሱ የኔ ናቸው።

ድርጅቱ ትንሽ ነበር። ሐይቅ ዳር አካባቢ ሦስት ክፍል ቢሮና አንዲት ነጭ መኪና አለን፤ ትምህርቱን የምንሰጠው ከከተማው ዳር፣ ቱላ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን በነፃ በሰጠን አዳራሽ ነው። ሥራችን ትልልቅ ሴቶችን ፊደል ማስቆጠር፣ የጨረሱትን ደግሞ ወደ መደበኛ ትምህርት ማሻገር ነው። እኔ በወረቀት «አመቻች» እባላለሁ፤ ሴቶቹ ግን አስተማሪ ነው የሚሉኝ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ እህቴ ቤት ሶፋ ላይ እየተኛሁ ሥራ ስፈልግ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ያቺን ኮንትራት እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃት። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ጥፋቴ ሲመጣ ሰበብ ፈለገች እንዳትሉኝ ነው። ሰበብማ ነው፤ ግን እውነትም ነው።

መሪዎቻችን ብዙ ስም አላቸው፣ ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት ግን ሁለት ነበሩ። ዳይሬክተሩ ሃምሳ ያልሞላው፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ማንንም አይቆጣም። ፈቃድ ብትጠይቂው «እህቴ፣ እንጸልይበት» ይላል፤ ጠመኔ አለቀ ብትዪው «እንጸልይበት»። እኔም ጸሎት የማውቅ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ጸሎትን የበር መዝጊያ ሲያደርጉት ግን ደሜ ይፈላል። ቱላ ስንሄድ ሴቶቹን አንድ በአንድ አቅፎ ይስማል፣ «እናቶቼ፣ ተባረኩ» ይላል። መኪና ውስጥ ሲገባ ከኪሱ ትንሽዬ ጠርሙስ አውጥቶ እጁን እስከ ክርኑ በአልኮል ያሻል። መጀመሪያ ሰሞን ጤና ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ አንድ ቀን ባለሥልጣናት ሲጨብጥ ውሎ መኪና ውስጥ ሲገባ አብሬው ነበርኩ፤ ጠርሙሷ ከኪሱ አልወጣችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱታውን በልቤ አነሣሁበት፤ እዚህም «እሱ» እያልኩ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

የቦርድ ሰብሳቢው ሌላ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ሱፐርቫይዘር፣ ሰባውን የተሻገሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው። በወጣትነታቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ገጠር ወርደው፣ ዛፍ ሥር ሰሌዳ ሰቅለው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስብሰባ ሲሆን ሁልጊዜ የሚያነሷት ታሪክ አለቻቸው። ያስተማሯቸው አንድ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን የጻፉ ቀን አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አይተው «ከዛሬ ጀምሮ ጣቴ የኔ ናት» ብለው አለቀሱ። ጋሼም ይህንን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። እኔ እሳቸውን ሳይ እዚህ ቤት አንድ ሰው አለ እል ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ እትዬ ነበር የምላቸው፣ እዚህም እትዬ ልበላቸው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ቱላ ገበያ ቆጮና ቡላ የሚሸጡ። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹን ለምን እንደመጡ ጠየቅኳቸው። አንዷ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ አለች፣ አንዷ ልጆቿ ስልኳ ላይ ምን እንደሚጻጻፉ ለማወቅ አለችና ተሳሳቅን። እትዬ አልሳቁም። ቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አሳዩን።

«ይቺ ጣት ቤቴን አፍርሳለች» አሉ። «ሁለተኛ ወረቀት እንዳትነካ ነው የመጣሁት።»

ታሪኩን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ባላቸው በሞቱ ሰሞን፣ ገና ድንኳኑ ሳይነሣ፣ የባላቸው ወንድሞች አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። በአማርኛ የተጻፈ ነው። የዕድር ነው፣ ለድንኳኑና ለወንበሩ ነው አሏቸው። እትዬ የአገሩን ቋንቋ ሲዳሙ አፎውንም አማርኛውንም ይናገራሉ እንጂ ያን ጊዜ በአንዱም ማንበብ የለም። ጣታቸውን ነክረው አተሙ። ከወር በኋላ ከቤታቸው ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ፣ በገዛ እጃቸው የተከሉት፣ የባላቸው ወንድሞች ሆኖ ተገኘ። ቀበሌ ሄደው ቢጮኹ «አሻራዎት ነው» ተባሉ። የራሳቸውን እንሰት ይፍቁ የነበሩ ሴት አሁን የሰው ቆጮ ተረክበው ይሸጣሉ።

ስለዚህ ሲመዘገቡ ጣቴን አልነክርም አሉ። ወግ ሆኖ እኛ ዘንድ አዲስ ተማሪ ሁሉ ምዝገባ ቅጹ ላይ አሻራዋን ታደርጋለች፣ ያኔ ፎቶ ትነሣለች፤ ስትጨርስ ደግሞ እስክሪብቶ ይዛ ስሟን ስትጽፍ ትነሣለች። ሁለቱ ፎቶዎች ቢሮው ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ «ፊትና ኋላ» እንላቸዋለን። እትዬ «ስሜን መጻፍ ስችል መጥቼ እፈርማለሁ፣ እስከዚያ ባዶውን ይቀመጥ» ብለው ድርቅ አሉ። ይሁን ብዬ ባዶውን አስቀመጥኩት። ከአራት ወር በኋላ እውነትም መጡና ፈረሙ። አንዲቷን ስም ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፣ እኔም ቆሜ ጠበቅኳቸው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ አላገኘሁትም።

ሲማሩ ደግሞ አይቸኩሉም። ቆጮ ሲጨምቁ እንደሚያደርጉት ነው፤ አንዱን ቃል ይይዙና ውኃው ጠብ እስኪል አይለቁትም። ሲዳሙ አፎውን ሲጨርሱ አማርኛውን ካላስተማርሽኝ አሉ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልጠየቀም። «ያጠፋኝ በአማርኛ የተጻፈው ነው» አሉኝ፤ ምን እላለሁ፣ ከትምህርት በኋላ ለብቻቸው አስተማርኳቸው። መንገድ ላይ ስንሄድ ባጃጅ ጀርባ የተለጠፈ ጥቅስ ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። አንዳንዱ ጥቅስ ባለጌ ነው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳያጥፉ እስከ መጨረሻው ይጨርሱታል፣ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። በጥር ወር ፈተናውን ከክፍሉ አንደኛ ሆነው አለፉ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው አራተኛ ክፍል ናት፣ በመስከረም አምስተኛ ትገባለች። ሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት የማታ አምስተኛ ክፍል አለው፤ ከእኛ ዓይነት ድርጅት ጨርሳለች የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላመጣ ይቀበላል። እናትና ልጅ ተስማምተዋል፦ ቀን እሷ፣ ማታ እሳቸው፣ በአንድ መጽሐፍ። ደብተሩ ተገዝቶ በጋዜጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የቀረው ደብዳቤው ብቻ ነው። ደብዳቤ መስጠት ደግሞ ለድርጅታችን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የካቲት ላይ ጠየቅኩ፣ ዳይሬክተሩ እንጸልይበት አለ። መጋቢት ላይ ጠየቅኩ፣ እንግዶች ሊመጡ ነው ትንሽ ቆዪ አለ። እንግዶቹ ድርጅቱን የሚረዱ የውጭ ሰዎች ናቸው። ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ይመጣሉ፣ ጠዋት ጉዱማሌ አደባባይ በዓሉን ያያሉ፣ በማግስቱ ቱላ ወርደው ክፍላችንን ይጎበኛሉ። «ኋላ»ውን በፎቶ ብዙ አይተዋል፤ አሁን የአንዲት እናት የመጀመሪያ ቀን ላይ መገኘት እንፈልጋለን ብለዋል። በእነሱ አልፈርድም፤ የሚያዩት እውነት መስሏቸው ነው።

ዳይሬክተሩ ለዚያ የምትሆን አዲስ ተማሪ ለመምረጥ ራሱ ቱላ ወረደ። የዚያ ዓመት አዲሶቹ አብዛኞቹ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ናቸው፦ ወጣቶች፣ ጂንስ የለበሱ፣ ፀጉራቸውን የተሠሩ፣ ስልክ በእጃቸው። ፊደል አያውቁም፣ ግን ያማሩ ልጆች ናቸው። ሲመለስ መኪናው ውስጥ አዝኖ ተቀመጠ፣ እጁን በአልኮል አሸ።

«መሃይም አይመስሉም» አለኝ።

እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው፣ ዝናብ የሚጥል አይመስልም እንደሚባለው። ከዚያ ያቺ ቆጮ ሻጯ እናታችን ትሁን አለ። ፊቷ፣ እጇ፣ ነጠላዋ። ደግሞም የ«ፊት» ፎቶ የላትም፣ ጎድሎባት ነበርና እግረ መንገዳችንን እንሞላላታለን አለ። ጨርሰዋል እኮ፣ ደብዳቤ ነው የሚጠብቁት አልኩት። ለአንድ ቀን ነው፣ ድራማ በይው አለኝ፤ እንግዶቹ እንደተሸኙ ደብዳቤዋን እኔው እፈርማለሁ አለ። ይሄ ሁሉ ሲነገር ቢሮ ደርሰን ነበር፣ ጋሼም ተቀምጠዋል። ወደሳቸው ዞርኩ። የሽማግሌውን ጣት ታሪክ እስኪያነሡ ጠበቅኩ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከልቤ ጠበቅኩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ለብዙ እናቶች በር የሚከፍት ከሆነ አንዷ ትንሽ ብትቸገር ምን ይደረጋል» አሉ።

ስወጣ ዳይሬክተሩ በሩ ድረስ ሸኘኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎ ያንቺንም ጉዳይ እየጸለይኩበት ነው አለኝ። ኮንትራቴ በሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ገባኝ። አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ ለሚባለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በማግስቱ ቱላ ገበያ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ኮባ ዘርግተው ቆጮ እየጠቀለሉ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ቀና ብለው አላዩኝም፣ እጃቸውም አልቆመም። ድራማ ነው አልኳቸው፣ ለፎቶ ነው፣ ከዚያ ደብዳቤው ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ የማትምበት ወረቀት የእውነት ወረቀት ነው ወይ አሉ። አይደለም አልኩ፣ ዝም ብሎ ወረቀት ነው፣ ማንም አያየውም። ከዚያ ያልነበረብኝን ነገር ጨመርኩ፤ ለእኔ ሲሉ አልኳቸው። እትዬ የጠቀለሉትን አሰሩና አስቀመጡ። እሺ ልጄ አሉኝ።

አሁን ስሙኝ። ያንን ወረቀት አላነበብኩትም ነበር። ሰው ማንበብን እያስተማርኩ እንጀራ የምበላ፣ ሳያነቡ አትፈርሙ እያልኩ በየክፍሉ የምጮህ ሴት፣ ወረቀቱን ሳላየው «ዝም ብሎ ወረቀት ነው» አልኩ። ዳይሬክተሩ ሰጠኝ፣ ምስክር የሚለው ላይ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። ችኮላ ነበር፣ ወንበር እየተደረደረ፣ መጋረጃ እየተሰቀለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔም የበላሁበት ነበርና ጮኽኩለት።

በጉብኝቱ ቀን እትዬን አሮጌ ነጠላ አልብሰን ከፊት አስቀመጥናቸው። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው ነበር፤ ዳይሬክተሩ አየና እንዲቀየር አስደረገ። እንግዶቹ ገቡ፣ ተጨበጨበ፣ ጋሼ ጸሎት አደረጉ። የማኅተም ቀለሙ ተከፈተ። እትዬ ወረቀቱ ፊታቸው ሲቀመጥ አጎንብሰው አዩት። ቆዩ። ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ ይጠብቃል። እኔ ዓይን አፋር ሆነው መስሎኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ፣ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ዓይኗ መስመር እየተከተለ ነው። ያስታውቃል። ጣቷን ያዥና አስነኪያት።»

ያዝኩ። የእትዬን አውራ ጣት በሁለት ጣቴ ያዝኩና ወደ ቀለሙ ወሰድኩት። ትንሽ ያዝ አደረጉት፣ እንደ መጎተት፤ ከዚያ ለቀቁልኝ። ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንከባለልኩት፣ በደንብ እንዲወጣ። የካሜራው ድምፅ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ከእንግዶቹ አንዷ አለቀሰች። እትዬ ፊታቸውን ቀና አድርገው እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት። በነጠላቸው ጫፍ ጣታቸውን ደጋግመው ጠረጉ፣ አልለቅም አለ።

ከዚያ ምሳ ነበር፣ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ። እትዬ አልተጋበዙም። ዳይሬክተሩ ለእንግዶቹ የተጠበሰውን ዓሣ በእጅ እንዴት እንደሚበላ ያሳያል፣ ዘይቱ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል፣ ይልሰዋል። ስለ እናቶች ክብር ያወራል። እዚያ ማዶ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን አንጀት ይሻማሉ። የኔም ጣቶች ሐምራዊ ነበሩ። ቆረስኩ፣ ቀለሙ ሥጋው ላይ ወጣ፣ ተመለከትኩት፤ ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ስመለስ ዳይሬክተሩ እንግዶቹ ፊት ስለ ትጋቴ አመሰገነኝና ኮንትራቴ እንደሚታደስ ነገረኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ይሄንንም አልደብቅም፤ አመሰግናለሁ አልኩ።

ደብዳቤውን በጠየቅኩ ቁጥር ነገ ሲባል ነሐሴ ገባ። ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ ራሳቸው ቢሮ መጡ። ዝናብ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ የልጃቸውን ካርድ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ተዛውራለች። ዳይሬክተሩንና ጋሼን አብረው ተቀምጠው አገኘናቸው። ደብዳቤውን ጠየቅኩ። ዳይሬክተሩ ፋይል አስወጣ፣ ገለጠ፣ ፊቱ አዘነ።

ችግር አለ አለ። እናታችን በፋይሉ ላይ የዘንድሮ ጀማሪ ናት፤ ሪፖርቱም እንደዚያ ሆኖ ከፎቶው ጋር ሄዷል። አሁን በዚያው ማኅተም በጥር ጨርሳለች የሚል ደብዳቤ ቢወጣ ድርጅቱ ዋሾ ይሆናል አለ። ዋሾ የምትለዋን ቃል ሲናገር አፉ አልተንቀጠቀጠም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ስማቸውን የፈረሙበት የመጀመሪያው ቅጽ አለ እኮ አልኩ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ቅጽ አይኖርም፣ አሮጌው ተነሥቷል አለኝ። ፈተናቸው አለ አልኩ፣ እኔ አስተማሪያቸው ምስክር ነኝ አልኩ። ወረቀቱን ወደኔ አዞረና ከታች ያለውን መስመር በእስክሪብቶው ነካው። የኔ ፊርማ ነው። ምስክርነትሽማ እዚህ አለ አለኝ።

ጋሼ በዚህ መሃል ጣልቃ ገቡ፣ በደግነት፣ ለእትዬ ወንበር እየሳቡ። እህታችን አንድ ዓመት ታገሺ፣ ደግመሽ ብትማሪ እውቀት አይከብድም አሉ። የሽማግሌውን ጣት ታሪክ የነገረን ያው አፍ ነው። ዳይሬክተሩን ሁልጊዜም ተጸይፌዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ሰውነቴን የሰቀጠጠኝ የጋሼ ደግነት ነው።

እትዬ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ወረቀቱን ልየው አሉ። ዳይሬክተሩ ሰጣቸው። ቆመው፣ ቀስ ብለው፣ አንዱንም ቃል ሳይስቱ አነበቡ፦

«እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ማንበብና መጻፍ የማልችል መሆኔን፣ ትምህርትም በዚህ ዓመት የጀመርኩ መሆኔን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።»

አሁንስ ያፍራል ብዬ የዳይሬክተሩን ፊት አየሁ። ፊቱ በራ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ደስ አለው። ከወንበሩ ተነሣ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ይሄ እኮ ‹ኋላ›ው ነው» አለ። «እናቴ፣ እባክሽ አንዴ ድገሚልኝ። ወረቀቱን ትንሽ ከፍ አድርገሽ።»

እትዬ ስልኩን አዩት፣ ጋሼን አዩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ነበር። እትዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ የልጃቸውን ካርድ ብብታቸው ሥር አስተካከሉና ወጡ።

ተከትዬ ሮጥኩ። በሩ ጋ ደረስኩባቸው፣ ባጃጅ እየጠበቁ ነው። የፈተና ወረቀትዎን ይዤ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ አልኩ፤ ሄጃለሁም በማግስቱ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት አንቀበልም ብለው መለሱኝ። እትዬ አይሆንም አላሉም፣ ይሆናልም አላሉም። ልጄ ብቻዋን ትገባለች አሉ፤ ደብተሩንም ለእሷ እሰጣታለሁ አሉ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ግን ያ የጎተቱት ጣት፣ ያ ወረቀቱ ላይ የቆየ ዓይናቸው አላስቀምጥ አለኝ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አንብበውት ነበር እንዴ አልኳቸው።

ባጃጅ ቆመላቸው። አንድ እግራቸውን አስገብተው ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

«አንብቤዋለሁ እንጂ፤ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ» አሉ። «ወረቀቱ እውነተኛ ነኝ አለኝ፣ አንቺ ደግሞ አይደለም ብለሽኛል። ወረቀቱን ትቼ አንቺን አመንኩ።»